ማዕበል በውሰት

አባ ኦሊ ሙያቸው ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣
እጃቸው ያልገባበት ሳሎን የለም በጅማ።
ነዚፍ ከሞምባሳ በተመለሰ በወሩ
ወረቀት ዘረጋ ከመላጊያው ዳሩ፦
«እግር የሌለው ይሥሩልኝ፣ ከቁመቴ ስንዝር የሚተርፍ፣
አፍንጫው ቀና ያለ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ።»
አባ ኦሊ ሳቁ፦
«እግር ከሌለውማ በምኑ ሊቆም ነው?»
«እኛ ነን» አለ ነዚፍ፣ «እኛ ነን የምንቆመው።»

አራት ተመዘገብን።
ተማም ባለ ባጃጁ፤
ሀዊ አዋላጇ፣ ጓንት የለመደ እጇ፤
ኮቺቶ የቦንጋው ልጅ፣ ገና ሁለተኛ ዓመት፤
እና እኔ አስካለ፣
ከፖስታ ቤት መስኮት ጀርባ ማኅተም ስመታ
ሠላሳ ዓመት ቆይቼ የወጣሁ ጡረታ።

የመጀመሪያው ትምህርት ደረቅ መሬት ላይ ነው።
ሂርማታ፣ ከአናጺው ግቢ፣ ነዚፍ በጠመኔ
አራት ሰሌዳ ሣለ ሲሚንቶው ላይ፤ ዳሩ የኔ።
«ተኙ በሆዳችሁ! ቅዘፉ! አሁን ተነሡ!»
ቀዘፍኩ። ክርኔ ተላጠ፤ ፍቅፋቂ ሞላ ቀሚሱ።
የሰፈር ልጆች በአጥር ቀዳዳ፦
«ኧረ ኑ እዩ! ትልልቅ ሰዎች ያለ ውሃ ሲዋኙ!»
ትንሿ ጠየቀች፦ «ሲደክማቸውስ እዚያው ሊተኙ?»

እሑድ ጠዋት ሰሌዳው አባዱላ ጣሪያ ላይ ታስሮ፣
ረዳቱ ተመለከተው፣ ዞሮ፣ ደግሞ ዞሮ፦
«የሬሳ ሣጥን ክዳን ነው? ሣጥኑስ የት ቀረ?»
የአንድ ሰው ሒሳብ ቆረጠ፤ «ተጋድሞም ቢሆን ተሳፈረ።»

ግልገል ጊቤ ግድቡ ላይ ውሃው ዝም ብሎ ተኝቷል፤
የሰመጠ ዛፍ አለ፣ ጣቱን ብቻ አውጥቷል።
ሰደርያውን ለብሰን፣ አራት ብርቱካን መስለን ቆምን።
«ማዕበሉስ?» አለ ኮቺቶ።
ነዚፍ ወደ ዓሣ አጥማጁ ጀልባ ጠቆመ፦
«በውሰት ነው። እስከ ቀትር። ነዳጁ በኛ።»

ሞተሩ አጓራ፣ ጀልባው ዞረ፤ ከኋላው
እንደ አንሶላ እጥፋት መጣ ውሃው።
ተማም ሲነሣ በልማዱ መሪ ፈለገ፣ ጨበጠ አየር፣
ወደቀ፤ ጥሩንባ የሚነፋለት እንኳ አልነበር።
ኮቺቶ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጸሎት ላይ ያለ መስሎ፣ አለፈን።
በኔ ተራ ሀዊ ከዳር ሆና ጮኸች፦
«ተንፍሺ! አሁን! ግፊ!»
«እርስዎ» ነበር የምትለኝ።
ያዋላጅ ድምፅ ነው፤ እምቢ አይባልም፤ ገፋሁ።
ከመንበርከክ አለፍኩ፣ ከመቆም ጎደልኩ፣
ሁለት ድረስ ቆጥሬ ጊቤን ባፍንጫዬ ጠጣሁ።

ከቀትር በኋላ ዳቦና ሙዝ ስንበላ
ተማም ዘወር ብሎ፦ «አንተስ? አንዴ አሳየና።»
ነዚፍ ሙዙን ላጠ። የላጠውን አልበላም።
«እኔ» አለ፣ «ሞምባሳ ሰሌዳ አከራይ ነበርኩ።
አጥባለሁ፣ ሰም እቀባለሁ፣ መታወቂያ በመያዣ እቀበላለሁ።
ከዣንጥላው ሥር ሆኜ
መምህሩ የሚለውን ሦስት ዓመት በቃሌ ያዝኩ።
ውሃው ላይ ግን… ወጥቼ አላውቅም።»

ዝም አልን። የከፈልነውን ብር ያሰበ ነበር፤
አልዋሽም፣ እኔ ነበርኩ።
ኮቺቶ ነው ቀድሞ የተነሣው፤ ሰሌዳውን ወደ ውሃው ገፋ፤
«ተኛ» አለው፣ «በሆድህ።»

የሰጠንን መለስንለት፣ በራሱ ቃል፣ በራሱ ቁጣ፦
«እግርህን አትይ! ማዶውን እይ! ቅዘፍ! መጣ፣ መጣ!»
ተነሣ።
እግር በሌለው ዋንዛ ላይ፣ ነዳጅ በሚሸት ማዕበል፣
እጆቹን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ፣
የሰመጠውን ዛፍ አልፎ።
ማኅተም እንደምቆጥረው ቆጠርኩ፦ ሰባት።
ስምንት ላይ ወደቀ።
ሲወጣ፣ ገና ውሃው ካፉ ሳያልቅ፣ «ብሩን ልመልስ?» አለ።
«ለሚመጣው እሑድ ያዘው» አለች ሀዊ፣ ፀጉሯን እየጨመቀች።

ማታ ያው አባዱላ፣ ያው ረዳት፤ ሰሌዳውን ዳበሰና
«ረጥቧል» አለ።
«ረጥቧል» አልን ባንድ አፍ።
ሒሳቡን ግን አልማረንም።

ሂርማታ ስንደርስ አባ ኦሊ ሱቃቸውን አልዘጉም፦
«ቆመ ወይ?»
ሰሌዳውን ይሁን ነዚፍን፣ ማንን እንደሆነ አልለየንም።
«ቆመ» አልን።
እኔ ከመኪናው ለመውረድ የተማምን ትከሻ ያዝኩ።